ከመሪው ኋላ የተቀመጠው ሰው ይሰማ

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ሆይ፤

በአሜሪካ አገር ስለሚደረገው የአውቶሞቢል እሽቅድምድም ያለኝን አሳብ በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድዎ ያወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። ብዙ አንባብያን «ይህ የጠገበ ሕዝብ ጨዋታ ነው፤ ለእኛ ምን ይረባናል?» ሳይሉ አይቀሩም። እኔም እንጀራዬ ጎማ ባይሆን ኖሮ ይህንኑ እል ነበር። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት በጎሚስታ ሥራ ስተዳደር፥ ጎማ ከሰው አስቀድሞ እውነቱን እንደሚናገር ተምሬአለሁ። በእነዚህ ሰዎች ወሬ ውስጥ ከፍጥነቱ ይልቅ ልቤን የሚስበው የቅጣታቸው ነገር ነው። ማን ይቀጣል? ስለ ምን ይቀጣል? መቼስ ይቀጣል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዞ ነገሩን የመረመረ ሰው ስለ ሕግ ጠባይ የሚማረው ብዙ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

ናስካር የሚባለው ማኅበር በ1947 መጨረሻ በፍሎሪዳ፥ በዴይቶና ቢች ከተማ በተደረገ ስብሰባ ታስቦ በ1948 ተቋቋመ። መሪውም ሚስተር ዊልያም ፍራንስ ነበሩ። «ስቶክ ካር» የሚለው ስም ከሱቅ እንደ ተገዛ ያለ አውቶሞቢል ማለት ነው። ዛሬ መልኩ ብቻ ቀርቶ ውስጡ ሁሉ ለሩጫ የተሠራ ቢሆንም፥ በመጀመሪያው ጊዜ ግን እውነትም ማንም ሰው ገዝቶ የሚነዳው ዓይነት መኪና ነበር። ስለዚህ የማኅበሩ ዋና ጭንቀት «ማን መኪናውን በስውር ለወጠው?» የሚለው ሆነ።

ይህም ጭንቀት ከመጀመሪያው ቀን ታየ። በጁን 19 ቀን 1949 በሻርሎት ከተማ በተደረገው የመጀመሪያ ውድድር ግሌን ዳናዌይ የተባለው ነጂ ቀድሞ ገባ። መኪናው በተመረመረ ጊዜ ግን የኋላው ባሌስትራ ተለውጦ ተገኘ፤ ይኸውም በዚያ አገር በስውር የተጠመቀ አረቄ የሚያመላልሱ ሰዎች መኪናቸውን እንደሚያጠናክሩት ያለ ነበር። ድሉ ተወስዶ ከካንሳስ ለመጣው ለጂም ሮፐር ተሰጠ። የመኪናው ባለቤት አሥር ሺሕ ዶላር እንዲከፈለው ከሰሰ፤ ዳኛው ግን ክሱን ሳይቀበሉት ቀሩ። እንግዲህ ልብ ይሏል፥ ማኅበሩ በተወለደ በዓመቱ፥ በአንድ ቀን ምሽት፥ አንድ ባሌስትራ መርምሮ ለመፍረድ በቂ ዓይንና በቂ ጉልበት ነበረው።

የሰው ሕይወት የሚጠበቅበት ደንብ ግን እንዲህ ፈጥኖ አልመጣም። በ1964 ስመ ጥሩው ነጂ ፋየርቦል ሮበርትስ በሻርሎት መኪናው ተገልብጦ በእሳት ከተቃጠለ በኋላ በጁላይ 2 ቀን ሞተ። የቤንዚን ማጠራቀሚያው በማይቀደድ የጎማ ከረጢት እንዲሆን የተደረገው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ጂሚ ፓርዲው፥ በጃንዩዋሪ 1965 ደግሞ ቢሊ ዌድ፥ ሁለቱም ጎማ ሲሞክሩ ሞቱ። ከእነርሱ ቀጥሎ ውጭኛው ቢፈነዳ መኪናውን የሚደግፍ፥ ውስጥ ለውስጥ ሌላ ጎማ ያለው ጎማ ተሠራ። በ1987 በታላዴጋ ቢል ኤሊየት በሰዓት 212 ማይል፥ ማለት 342 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ የማጣሪያውን ውድድር አሸነፈ። በዚያው ውድድር የቦቢ አሊሰን የኋላ ጎማ ፈንድቶ መኪናው ወደ አየር ተነሣና የተመልካቹን አጥር ቀዶ ሰዎች አቆሰለ። ከ1988 ጀምሮ በታላዴጋና በዴይቶና ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር በሚያሳንስ ባለ ቀዳዳ ሳሕን ፍጥነቱ ተገታ። ከሜይ 2000 እስከ ፌብሩዋሪ 2001 ባለው ጊዜ ደግሞ አራት ነጂዎች ሞቱ፤ አራተኛው ዴል ኧርንሃርት ነበር። ራስንና አንገትን የሚይዘው መሣሪያ ግዴታ የሆነው በኦክቶበር 2001 ነው፤ መሣሪያው ግን ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት በገበያ ላይ የነበረ ነው። የእኛ ሰው ይህን ዓይነቱን ነገር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይለዋል።

ታዲያ ጅቡ ሳይመጣ የጮኸ አልነበረምን? ነበረ። ደብዳቤዬንም የጻፍሁት ስለዚሁ ነው።

በ1969 በአላባማ የታላዴጋ መሮጫ አዲስ ተከፈተ። ማኅበርተኞቹ ነጂዎች፥ በሪቻርድ ፔቲ መሪነት፥ ጎማው በሰዓት 200 ማይል ለሚደርሰው ፍጥነት እንደማይበቃና በጥቂት ዙር ውስጥ እንደሚቀደድ ተናገሩ። ከጎማ ሠሪዎቹ አንዱ ፋየርስቶን ጎማውን ይዞ ከስፍራው ወጣ። ሚስተር ፍራንስ ግን በስሳ ዓመታቸው አፋፍ ራሳቸው መኪና ይዘው ዞረው «ይቻላል» አሉ። ከሠላሳ የሚበልጡ ነጂዎች ጓዛቸውን ጭነው ሄዱ። ውድድሩ በሌሎች ነጂዎችና በትናንሽ መኪናዎች ተሞልቶ ተደረገ፤ ሪቻርድ ብሪክሃውስ የተባለው አሸነፈ፤ የሞተም አልነበረም። ስለዚህ ብዙ ሰው «ነጂዎቹ በከንቱ ፈርተዋል» አለ። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፦ አደጋ ያልደረሰው ነጂዎቹ ስለ ተሳሳቱ ሳይሆን፥ ከሁሉ የሚፈጥኑት ስለ ሄዱና የቀሩት ጎማቸውን ቶሎ ቶሎ ስለ ለወጡ ነው። አስቀድሞ የጮኸ ሰው ችግሩ ይህ ነው፤ ጩኸቱ ከጠቀመ አደጋው አይደርስም፤ አደጋው ካልደረሰ ደግሞ ሐሰተኛ ይባላል።

ሁለተኛው በ2016 የሆነው ነው። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ጎማ በአምስት ዳዶ ይታሠር ነበር። ከ2015 ጀምሮ ግን ማኅበሩ አምስቱም መጥበቃቸውን መቈጣጠር ተወ። ቡድኖቹም የሰከንድ ክፋይ ለማትረፍ ብለው ሦስት ወይም አራት ዳዶ ብቻ አጥብቀው መኪናውን ይለቁት ጀመር። ጎማ ያሰረ ሰው ሁሉ ያልጠበቀ ዳዶ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ቸርኬው ይንቀጠቀጣል፥ ብሎኑ ይቈረጣል፥ በመጨረሻም ጎማው ብቻውን ይሄዳል። ሦስት ጊዜ የዓመቱ አሸናፊ የሆነው ቶኒ ስቲዋርት በአፕሪል ወር ይህን በግልጥ ነቀፈ። ማኅበሩ በአፕሪል 21 ቀን 35 ሺሕ ዶላር ቀጣው፤ የነጂዎቹም ጉባኤ መቀጫውን አዋጥተን እንከፍላለን አለ። ከአራት ቀን በኋላ በአፕሪል 25 ቀን አምስቱም ዳዶ እንዲጠብቁ፥ ያላጠበቀም እንዲቀጣ የሚያዝ ደንብ ወጣ። የተናገረው እውነት መሆኑን ደንቡ ራሱ መሰከረለት።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ ይመረምሩት ዘንድ የምለምነው ነው። በጁላይ 2022 በፔንሲልቬንያ፥ በፖኮኖ መሮጫ፥ በሁለት ተከታታይ ቀኖች ሁለት ነገር ሆነ። ቅዳሜ ጁላይ 23 ቀን የ2004 ዓመት አሸናፊ የነበረው ከርት ቡሽ በማጣሪያው ጊዜ መኪናው በኋላው ከግንብ ጋር ተጋጨ። ከውጭ ሲታይ ብርቱ አደጋ አይመስልም ነበር፤ ሰውዬው ግን ጭንቅላቱ ተናውጦ ወደ ዋናው ውድድር አልተመለሰም፤ በ2023ም መሰናበቱን አስታወቀ። በዚያ ዓመት የገባው አዲስ መኪና ኋላው እጅግ ደረቅ በመሆኑ ግጭቱን ሳይቀበል ለነጂው አካል እንደሚያስተላልፈው ነጂዎቹ ይናገሩ ነበር። በማግሥቱ እሑድ ዴኒ ሃምሊን አንደኛ፥ የከርት ወንድም ካይል ቡሽ ሁለተኛ ሆነው ገቡ። በዚያው ምሽት መኪናዎቹ ሲመረመሩ ከፊታቸው ክፍል ላይ ያልተፈቀደ ቀጭን ልጣፍ ተገኘ። ሁለቱም ውጤታቸውን ተነጠቁ፤ ድሉም ሦስተኛ ለነበረው ለቼስ ኤሊየት ተሰጠ። በዚህ ዋና ውድድር ያሸነፈ ሰው ድሉን ሲነጠቅ ከ1960 ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ቅጣቱ አላግባብ ነበር አልልም፤ ደንብ ያፈረሰ ይቀጣ። በ2023ም ለኮፈን አየር ማስወጫ መለወጥ ሲባል የአንድ ባለቤት አራት ቡድን አለቆች እያንዳንዳቸው መቶ መቶ ሺሕ ዶላር ተቀጥተዋል፤ የተቀነሰባቸውን ነጥብ የይግባኝ ጉባኤው ቢመልስላቸውም ገንዘቡ ጸንቶባቸዋል። የሚያሳዝነኝ የሁለቱ ሚዛን አለመመጣጠን ነው። የእሑዱ ልጣፍ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተገኝቶ ተፈረደበት። የቅዳሜው ድርቀት ግን የተለወጠው የመኪናው የኋላ ክፍል እንደ ገና ተሠርቶ ለ2023 ውድድር ሲደርስ ነው። በዚህ መካከል በሴፕቴምበር 25 ቀን በቴክሳስ አሌክስ ቦውማን እንዲሁ በኋላው ተጋጭቶ ጭንቅላቱ ተናወጠና አምስት ውድድር ቀረ።

በዚያው በቴክሳስ ውድድር ሌላም ነገር ታየ። ቼስ ኤሊየት፥ ኬቪን ሃርቪክና ማርቲን ትሩዌክስ ከፊት ሆነው ሲሮጡ ጎማቸው አንዱ ከአንዱ በኋላ ፈነዳ። የጎማው ሠሪ የጉድይር ሰዎች አንዳንድ ቡድኖች ንፋሱን እጅግ አሳንሰዋል አሉ። ይህን ማንኛውም ጎሚስታ ይረዳዋል። ንፋሱ ያነሰ ጎማ መሬቱን ሰፍቶ ስለሚይዝ በመዞሪያ ላይ መኪናው አይሸሽም፤ ነገር ግን ጎኑ በየዙሩ ስለሚታጠፍ ይግላል፥ ውስጡ ያለው ክር ይላቀቃል፥ ከዚያም በድንገት ይሄዳል። ወደ ግራ ብቻ በሚዞሩበት መሮጫ ደግሞ ክብደቱ ሁሉ በቀኝ ጎማዎች ላይ ይወድቃል። ሠሪው ዝቅተኛውን ልክ ይመክር ነበር፤ ምክሩ ግን ምክር ብቻ ነበር። እንግዲህ ለልጣፍ ውፍረት ጠንካራ ደንብ፥ ለጎማ ንፋስ ግን ምክር ማለት ነው።

በዚህ ላይ «ጎማው የፈነዳበት ቡድን ራሱ ስለሚሸነፍ ሌላ ቅጣት አያስፈልገውም» የሚል መልስ አለ። መልሱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ንፋሱን የሚወስነው መሐንዲስ ከግንቡ ወዲህ ቆሞ ሳለ ከግንቡ ጋር የሚጋጨው ነጂው ነው፤ ከኋላ የሚመጣው ሌላው ነጂማ ጭራሽ አልተጠየቀም። ትርፉ ለአንዱ፥ አደጋው ለሌላው በሆነ ጊዜ ሁሉ ደንብ በመካከል መግባት አለበት።

ማኅበሩ ይህን ማድረግ ሲፈልግ እንደሚችል የ2008 የኢንዲያናፖሊስ ውድድር ያስረዳል። በዚያን ቀን ጎማው ከአሥር ዙር ብዙም ሳያልፍ ያልቅ ነበር። ዳኞቹም በየአሥሩ ወይም በየአሥራ ሁለቱ ዙር ቢጫ ባንዲራ እያወጡ ጎማ እንዲለወጥ አደረጉ። ገንዘቡን ከፍሎ የመጣው ሕዝብ ተቈጣ፤ እስከ ዛሬም ያ ውድድር እንደ ውርደት ይነሣል። እርግጥ ጎማውን አስቀድሞ በሚገባ አለመሞከር ጥፋት ነበር። እኔ በበኩሌ ግን ጥፋቱ በታወቀ ጊዜ ከትርኢቱ ማማር የሰው ነፍስ መቅደሟን እንደ ክብር እቈጥረዋለሁ።

ስለዚህ አሳቤ በአጭሩ ይህ ነው። ስለ ደኅንነት የተናገረ ነጂ ስለ ቃሉ መቀጫ አይከፈል። ነጂዎች ስለ ጎማ፥ ስለ ንፋስና ስለ መኪናው አሠራር ያቀረቡት አቤቱታ በተወሰነ ቀን ውስጥ ምላሽ ይሰጠው። ልጣፍ ለመለካት የተገኘው ትጋትም የሰውን አጥንት ለመጠበቅ ይገኝ።

ይህም የአሜሪካኖች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ወደ ሱቄ መጣ። የኋላውን ጎማ ባየሁት ጊዜ ሽቦው ወጥቶ ነበር። «ወንድሜ፥ በዚህ ጎማ አትሂድ» አልሁት። «እኔስ ነግሬአለሁ ጋሼ፤ ባለቤቱ ግን አንድ ጉዞ ይችላል አለኝ። እምቢ ብል ቁልፉን ለሌላ ይሰጣል» ብሎ መለሰልኝ። ንፋስ ሞልቼለት ሄደ። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ሰውዬው በደኅና ተመልሷል፤ ጎማው ግን ከመንገድ ቀርቷል። ያ ሹፌር በታላዴጋ ከሄዱት ነጂዎች የሚለየው አብሮት የሚሄድ ባልንጀራ ስላልነበረው ብቻ ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ምክር ሁላችንም እናውቀዋለን። ጭሱን አስቀድሞ የሚያየው ግን ከመሪው ኋላ የተቀመጠው ሰው ነውና፥ በዚያም አገር ሆነ በዚህ እርሱ ይሰማ እላለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንድ ጎሚስታ፥ የጋዜጣው የዘወትር አንባቢ
ከአዲስ አበባ