«የኪንታሮት ቅባት» ለማን ነው?

ዛሬ የማነሣው በብዙ ቤት በሹክሹክታ ብቻ የሚወራ ጉዳይ ነው፤ ኪንታሮት። አማርኛችን ለሁለት የተለያዩ ሕመሞች ይህን አንድ ስም ሰጥቷል። አንደኛው በፊንጢጣ አካባቢ ያሉ የደም ሥሮች አብጠው የሚያመጡት፣ ሰገራ ሲቀመጡ የሚያደማውና የሚያሳምመው ነው። ሁለተኛው በቫይረስ ምክንያት ቆዳ ላይ የሚበቅለው ሻካራ እባጭ ነው። ይኸኛው በእጅና በእግር፣ እንዲሁም በብልትና በፊንጢጣ ዙሪያ ይወጣል።

ስማቸው አንድ ስለሆነ መድኃኒታቸውም አንድ የሚመስለን ብዙ ነን። ስሕተቱ የባሰ የሚጎዳው ደግሞ ኢሚኩይሞድ የተባለው ክሬም እጃችን ሲገባ ነው።

ይህ ክሬም በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ ነው። በአሜሪካ መጀመሪያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1997 በብልትና በፊንጢጣ ዙሪያ ለሚወጣው የቫይረስ ኪንታሮት ነው። በ2004 ደግሞ ፀሐይ ለዓመታት በጎዳው ቆዳ ላይ ለሚወጣ ቅርፊትና ከላይ ላዩን ላለ አንድ ዓይነት የቆዳ ካንሰር ተፈቀደ። አሠራሩ ከሌሎች ቅባቶች ይለያል። ቫይረሱን ራሱ አይገድልም፤ በቆዳችን ውስጥ ያሉ የመከላከያ ሴሎች ኢንተርፌሮንና የመሳሰሉትን እንዲያመነጩ ይቀሰቅሳል። ሌባ መንደር ሲገባ ጡሩንባ የሚነፋውን ሰው አስቡ። ሌባውን የሚይዙት የነቁት ጎረቤቶች ናቸው እንጂ ጡሩንባው አይደለም።

በየፋርማሲው የምናውቃቸው እነ ቤታሜታዞንና ክሎቤታዞል ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራሉ፤ የቆዳውን መቆጣት ያበርዳሉ፣ መከላከያውንም ያስተኛሉ። እንግዲህ አንዱ ቀስቃሽ፣ ሌላው አስተኚ ከሆነ «ቅባት ነው፣ ምን ይጎዳል?» ብሎ አንዱን በሌላው መተካት እንዴት ይሆናል?

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ሸርቆሌ በሠራሁበት ዘመን አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ትንንሽ ሳሼ ይዘው መጡ። ለወጣት ልጃቸው ከአሶሳ የታዘዘ ነው።

«ሲስተር፣ ልጄ ‹የኪንታሮት መድኃኒት ነው› አለኝ። አባቱም ኪንታሮት አለበት፤ ሲቀመጥ ይደማል። ከዚሁ ብቀባለትስ?»

ልጁ ምን እንዳለበት ለእናቱ መንገር የእኔ ድርሻ አልነበረም፤ የታካሚ ምሥጢር ነውና። አባትየው ግን መዳን አለባቸው። «እናቴ፣ ይህ ለልጅዎ ብቻ የተሰጠ ነው። ለአባቱ አይሆንም፤ ይጎዳቸዋል። እሳቸውን ይዘውልኝ ይምጡና ይታዩ» አልኳቸው።

በማግስቱ አባትየው እያፈሩም ቢሆን መጡ። ያደማቸው ያበጠው የደም ሥር ነበር። ያን ክሬም እዚያ ተቀብተው ቢሆን ኖሮ ስስ የሆነው የውስጥ ቆዳ ይላጥና ይቆስል ነበር። ለእሳቸው የታዘዘላቸው ብዙ ውኃ መጠጣት፣ አትክልትና ፍራፍሬ ማብዛት፣ ለብ ባለ ውኃ መዘፍዘፍና ሰገራ ማለስለሻ ነው። ከፊንጢጣ የሚመጣ ደም ሁሉ ግን ኪንታሮት ላይሆን ይችላል። በተለይ ዕድሜው የገፋ ሰው ሳይመረመር «ኪንታሮት ነው» ብሎ መቀመጥ የለበትም።

የቫይረሱ ኪንታሮትም ቢሆን መጀመሪያ በባለሙያ ዓይን መታየት አለበት። ቂጥኝ በብልት አካባቢ ኪንታሮት የሚመስል እብጠት ያወጣል፤ መድኃኒቱ ግን ፔኒሲሊን ነው እንጂ ክሬም አይደለም። የደም ምርመራ የሚታዘዘው ለዚህ ነው።

ክሬሙ በትክክል ለታዘዘለት ሰው አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ለብልት አካባቢ ኪንታሮት 5 በመቶው ክሬም በሳምንት 3 ቀን፣ ለምሳሌ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ማታ ከመተኛት በፊት ይቀባል። እጅና ቦታው ታጥቦ ሲደርቅ፣ ኪንታሮቱ ላይ ብቻ በስሱ ተቀብቶ እስኪጠፋ ይታሻል። ከ6 እስከ 10 ሰዓት ከቆየ በኋላ በውኃና በሳሙና ይታጠባል። ኪንታሮቱ እስኪጠፋ ድረስ ይቀጥላል፤ ከ16 ሳምንት ግን አያልፍም። ወደ ብልት ወይም ወደ ፊንጢጣ ውስጥ አይገባም፤ በፕላስቲክም አይሸፈንም። የተከፈተ ሳሼ ለነገ አይቀመጥም። ክሬሙ ቆዳ ላይ ሳለ ግንኙነት ማድረግ አይገባም፤ ኮንዶምንም ያዳክማል። የትዳር ጓደኛም አብሮ ይታይ። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ወይም ሰውነቷ ራሱን የሚያጠቃ ሕመም ያለባት ሴት ይህን ለሐኪሙ አስቀድማ ትንገር።

ቦታው መቅላቱ፣ ማሳከኩ፣ መላጡ የሚጠበቅ ነው፤ ጎረቤቶቹ ነቅተዋል ማለት ነው። «ቶሎ እንዲለቀኝ» ብሎ በየቀኑ መቀባት ግን ቁስል እንጂ ፈውስ አያፈጥንም። ቆዳው ከቆሰለ፣ በጣም ካበጠ ወይም ሽንት መሽናት ከከለከለ ታጥቦ ይቆምና ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል። ሐኪሙ ጥቂት ቀን አሳርፎ ሊያስቀጥል ይችላል። የታለፈን ቀን ለማካካስ ደርቦ መቀባትም አያስፈልግም። በእኛ ጥቁር ቆዳ ላይ የተቀባው ቦታ ሊነጣ ወይም ሊጠቁር እንደሚችል፣ አንዳንዴም በዚያው እንደሚቀር አስቀድሞ ማወቅ ደግ ነው።

እንደ ሸርቆሌ ባለ ቆላ የሚኖር ሰው ሁለት ነገር ይጨምር። አንደኛው ወባ ነው። ክሬሙ አንዳንድ ሰው ላይ እንደ ጉንፋን ያለ ትኩሳት፣ ቁርጥማትና ድካም ያመጣል። በወባ አገር ግን ትኩሳትን በክሬም አሳብቦ ቤት መዋል ሕይወት ያስከፍላል። ትኩሳት ከመጣ ደም ይመርመር። ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። ይህ መድኃኒት ከ25 ዲግሪ በላይ መቀመጥ የለበትም፤ በረዶም መሆን የለበትም። የቆርቆሮ ቤት በበጋ ከዚህ በላይ ይግላል። ፍሪጅ ከሌለ ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጦ፣ በመካከላቸው አሸዋ ሞልቶ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ማራስ ነው። መድኃኒቱ ውኃ እንዳይነካው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በትንሹ ማሰሮ ውስጥ ጥላ ሥር ይቀመጣል።

በዚያ ፀሐይ የሚቸገሩ አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችንም አሉ። ፊታቸው ላይ ለወጣ ቅርፊት ክሬሙ ቢታዘዝላቸው የቀኑ ብዛት ከላይ ከጠቀስኩት ይለያል፤ ከዓይን፣ ከከንፈርና ከአፍንጫ ውስጥም መራቅ አለበት። ቆዳው በሕክምናው ወቅት ለፀሐይ ይበልጥ ስለሚጋለጥ ባርኔጣና እጅጌ ረጅም ልብስ ግድ ነው።

አሁን ወደ ልጆቻችን ልምጣ። በልጆች ፊትና ገላ ላይ የሚወጣ፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ ዕንቁ መሳይ እባጭ አለ። ኢሚኩይሞድ ለዚህ ከ700 በላይ ሕፃናት በተሳተፉባቸው ሁለት ጥናቶች ተሞክሮ አልረዳም። እባጩ በወራት ጊዜ ውስጥ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ስለዚህ አያቶች፣ ከመሳቢያችሁ የተረፈ ቅባት ለልጅ ልጃችሁ አታውጡ። ሕፃን ልጅ ብልት ወይም ፊንጢጣ አካባቢ ኪንታሮት ከታየ ደግሞ በቤት ቅባት አትሸፍኑት። በወሊድ ጊዜ ከእናት የተላለፈ ሊሆን ይችላል፤ ግን አንድ ሰው ልጁን ጎድቶትም ሊሆን ይችላል። ሳትጮኹና ሳትቆጡ ልጁን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

አንድ መልካም ዜና ልጨምር። የብልት ኪንታሮትን በአብዛኛው የሚያመጡት የኤች ፒ ቪ ዓይነት 6 እና 11 ናቸው፤ ካንሰር በማምጣት የሚታወቁት 16 እና 18 ደግሞ ሌሎች ናቸው። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባት አራቱንም የሚከላከል ነበር። ትምህርት ቤት «ክትባት አለ» ሲል ልጃችሁን አታስቀሩ።

በዚህ ሳምንት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። የመድኃኒት ሣጥናችሁን ክፈቱና የማን እንደሆነ፣ ለምን እንደታዘዘ የማታውቁትን ቅባት ሁሉ ለይታችሁ በቅርብ ላለ ፋርማሲ አሳዩ። ለአንዱ የታዘዘውን ለሌላው አትቀቡ፤ ስማቸው አንድ ቢሆንም ሕመማቸው ሁለት ነውና።