መብራት ሲሄድ የሚጠፋው ፋይል፦ በሐረር መሥሪያ ቤቶች የኮምፒውተር ኃይል ቅንብር ለምን ትኩረት ይሻል?

ከኤረር፣ ከሶፊ ወይም ከድሬ ጥያራ ወረዳ ተነሥቶ ጉዳይ ለማስፈጸም ሐረር ከተማ የሚገባ አርሶ አደር በቢሮ በር ላይ «መብራት የለም» የሚለውን መልስ ለምዶታል። መብራቱ ከተመለሰ በኋላ የሚሰጠው መልስ ግን ይበልጥ ይከብዳል፦ «የተጻፈው ጠፍቷል፤ እንደገና እንሙላው።» የመጀመሪያው ችግር ከአንድ ጽሕፈት ቤት አቅም በላይ ነው። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በኮምፒውተሩ ውስጥ ባለ፣ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ማንም ባልነካው ቅንብር ነው።

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ይሁንና ኃይሉ ከግድቡ ተነሥቶ ጀጎል አጠገብ ያለ ቢሮ እስኪደርስ በማስተላለፊያ መስመር፣ በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በትራንስፎርመርና በምሰሶ ያልፋል። ከእነዚህ አንዱ በደከመ ቁጥር መብራቱ ይሄዳል። ስለዚህ መቆራረጡን፣ አርሶ አደሩ የዝናብ መዘግየትን እንደሚያስብ ሁሉ፣ አስቀድሞ አስቦ መሥራት የመሥሪያ ቤቶች ፋንታ ነው።

በአብዛኞቹ ቢሮዎች የሚሠራበት ዊንዶውስ የተባለው ሥርዓተ ክወና ሲጫን ይዞት የሚመጣው ቅንብር የተቀረጸው መብራት በማይቆራረጥበት አገር ልማድ ነው። ሠራተኛው ለሻይ ወይም ለስብሰባ ሲነሣ ስክሪኑ ይጠፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ኮምፒውተሩ «ስሊፕ» ወደተባለው የእንቅልፍ ሁኔታ ይገባል። በዚህ ጊዜ የተጀመረው ሥራ የሚቆየው ራም በተባለው ጊዜያዊ ማኅደር ላይ ነው። ራም ደግሞ ጥቂትም ቢሆን የማያቋርጥ ኃይል ካላገኘ የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ላፕቶፕ በባትሪው ይተርፋል፤ ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ ግን መብራት በሄደበት ቅጽበት ባዶ ይሆናል።

«ሃይበርኔት» የተባለው ሁለተኛው አማራጭ የተለየ ነው። የተከፈተውን ሥራ እንዳለ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገለብጥና ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ መብራት ለአንድ ሰዓትም ሆነ ለሦስት ቀን ቢሄድ፣ ሲከፈት ሥራው ከቆመበት ይቀጥላል። ልዩነቱን ለገጠር ሰው ማስረዳት አያስቸግርም፦ ስሊፕ የተወቃውን ማሽላ በአውድማ ላይ ጠባቂ አቁሞ ማደር ነው፤ ሃይበርኔት ጎተራ ማስገባት ነው። በሐረር ሁኔታ ጠባቂው መብራት ነው፤ እርሱም ሳይናገር ይሄዳል።

በእርግጥ ሁለቱን የሚያጣምር «ሃይብሪድ ስሊፕ» የተባለ ቅንብርም አለ፤ ሥራውን በራም እያቆየ ቅጂውን በዲስክ ያኖራል። በየትኛው ማሽን ላይ እንደበራ ሳያጣሩ በእርሱ መተማመን ግን አይገባም። ሃይበርኔትም ቢሆን በመዝጊያው ዝርዝር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። በ«ኮንትሮል ፓናል» ውስጥ «ፓወር ኦፕሽንስ» ተብሎ የተጻፈውን ከፍቶ፣ የማጥፊያ ቁልፎችን ተግባር በሚወስነው ገጽ ላይ ምልክት ማድረግን ይጠይቃል። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሠራተኛው እየጻፈ ሳለ መብራት ቢሄድ ግን የትኛውም የእንቅልፍ ቅንብር ብቻውን አያድነውም። ከዚህም የከፋ አለ፦ መዝገቡ በዲስክ ላይ እየተጻፈ ኃይሉ ቢቋረጥ ፋይሉ ራሱ ሊበላሽ ይችላል። ለዚህ መፍትሔው ዩፒኤስ ነው፤ እዚህም ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ። ብዙዎቹ ዩፒኤሶች ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኛቸው የዩኤስቢ ገመድ አላቸው። ገመዱ ሲሰካ ዊንዶውስ ዩፒኤሱን እንደ ባትሪ ያየዋል፤ ክፍያው ሊያልቅ ሲቃረብም በራሱ ሃይበርኔት እንዲያደርግ ሊታዘዝ ይችላል። ገመዱ ከካርቶኑ ካልወጣ ግን ዩፒኤሱ ለጥቂት ደቂቃዎች ከመጮህ ያለፈ አይሠራም። ሠራተኛው በአዳራሽ ከሆነ የሚሰማውም የለም።

ጉዳዩ የፍጆታ ሒሳብም አለው። 70 ዋት የሚወስድ ኮምፒውተር ከምሽቱ 11፡30 እስከ ጠዋቱ 2፡30 በርቶ ቢያድር በአንድ ሌሊት አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ አሥር ኮምፒውተሮች በ22 የሥራ ቀናት 230 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ በአራት ዓመት እንዲስተካከል በተወሰነበት ወቅት ይህ የሚናቅ አይደለም። ቢሆንም ከሒሳቡ ይልቅ የሚያሳስበው ባለጉዳዩ ነው። የማዳበሪያ ፍላጎት መዝገብ፣ የይዞታ ማረጋገጫ፣ የብድር ማመልከቻ ወደ ኮምፒውተር በገባ ቁጥር የአርሶ አደሩ የሥራ ቀን ከሶኬቱ ጋር ተያይዟል። በጀጎል ውስጥ በማኪና ግርግር መንገድ ያሉ ልብስ ሰፊዎች መብራት ሲሄድ በእግራቸው እየረገጡ ይቀጥላሉ፤ የቢሮው ኮምፒውተር ግን ፔዳል የለውም።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማቆሙ ለዚህ ጉዳይ አመቺ ጊዜ ፈጥሯል። ማሽን በሚተካበት ወይም አዲስ ሥርዓት ከባዶ በሚጫንበት ጊዜ ቅንብሩ ወደ መነሻው ስለሚመለስ፣ የቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ርክክብ ከመፈጸማቸው በፊት ሃይበርኔትን የሥራቸው አካል ሊያደርጉት ይገባል። የግዥ ክፍሎችም «ዩፒኤስ» ብለው ከመጻፍ አልፈው የዩኤስቢ መገናኛ ያለው መሆኑን በዝርዝሩ ላይ ማስፈር ይጠበቅባቸዋል፤ ርካሾቹ ይህ ላይኖራቸው ይችላልና።

ትክክለኛነቱን ለማረጋገጥ መብራት እስኪሄድ መጠበቅ አያሻም። ባዶ ሰነድ ከፍቶ ጥቂት ቃላት መጻፍ፣ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ሶኬት መንቀል፣ ኮምፒውተሩ በራሱ እስኪጠፋ መታገሥ፣ ከዚያም መልሶ ሰክቶ ሲከፍቱት ቃላቱ በቦታቸው መኖራቸውን ማየት ነው።