የጋራ ጣራ፣ የግል ዲሽ

ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ልደታ የሚያመራ መንገደኛ ቀና ብሎ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹን ጣራ ቢመለከት፣ ክረምት እንዳፈላው እንጉዳይ የተኮለኮለ ዲሽ ያያል። አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ አፍጥጧል። እኔም የዚሁ ሰፈር ነዋሪ ነኝ፤ ከዲሾቹም አንዱ የእኔ ነው። ስለዚህ የምወቅሰው ራሴንም ጨምሬ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ የዲሽ ሠራተኛ የጎረቤቴን ሊያስተካክል ጣራ ወጣና የእኔን ገፋው። እኔ ያስጠራሁት ደግሞ የሦስተኛውን ሰው ገመድ በጠሰ። በአንድ ሳምንት ሦስት ቤት ለሦስት ሠራተኛ ከፈለ። ቀጥሎ በተበሳው ቆርቆሮ የገባው ዝናብ ላይኛው ፎቅ ያሉትን እናት አልጋቸውን ከቦታው አስነሳቸው። ማን በሳው? ማንም። ማን ይድፈነው? እሱም ማንም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ለብዙ ዓመታት ያስፈልገን የነበረው እንጨት ላይ የታሰረ አንቴና ብቻ ነበር። ልጅ ጣራ ላይ ሆኖ «አሁንስ?» ይላል፤ ከቤት «ትንሽ መልሰው!» ይባላል። ዲሽ ሲመጣ ዓይናችን ወደ ናይልሳት ዞረ። ናይልሳት ከአዲስ አበባ ሲታይ በስተምዕራብ፣ ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ኢትዮሳት በሚል ስም 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለው ሳተላይት ተዛወሩ። እሱ ደግሞ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ፣ 66 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ነው። አንድ ተራ ዲሽ ሁለቱን ማየት አይችልም። ስለዚህ የውጭ ፊልም የለመደው ቤተሰብ ሁለተኛ ዲሽ ጨመረ።

ለአንድ ሕንፃ ግን ሁለት ዲሽ ይበቃል። ምሰሶው ቆርቆሮው ላይ ሳይሆን ኮንክሪቱ ላይ ይታሰር፤ መልቲስዊች የተባለው ዕቃ ሲግናሉን ለየቤቱ ያከፋፍላል፤ ሁሉም በየሪሲቨሩ የፈለገውን ይመርጣል። አንዱ ቅዳሴ ሲያይ ሌላው ኳስ ቢያይ የሚጣላ የለም።

«የጋራ ነገር ባለቤት የለውም፤ የውሃ ፓምፑን አይተን የለ?» የሚሉኝ አሉ። እንዲያውም አለው! የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያዎችን የሚያስተዳድር የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲኖር ደንግጓል። ፓምፑን የገደለው የጋራ መሆኑ ሳይሆን መዋጮ ሰብስቦ ሒሳብ የሚያሳይ መጥፋቱ ነው። «የማይከፍለውስ?» ለሚለው ደግሞ መልሱ ቀላል ነው፤ ገመዱ ለየቤቱ የተለያየ ስለሆነ የእምቢተኛው ይነቀላል። በፓምፕ ይህን ማድረግ አይቻልም።

ለመሆኑ ነጻ ስርጭት ማለት ምን ማለት ነው? ወርሃዊ ክፍያ የለውም እንላለን፤ ለሠራተኛ፣ ለገመድ፣ ለቆርቆሮ የምናወጣውን ግን ማንም አይደምረውም። የሚጎዳው ደግሞ ዲሹ በነፋስ ዞሮ የሚከፍለው አጥቶ፣ ባዶ ስክሪን ይዞ የሚቀመጠው ጡረተኛ ነው። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ያሉት አባቶቻችን ዲሽ ሳያዩ ነው።

እንደ ድሮው ሰው ቤት ተሰብስበን እንይ አላልኩም። ጣራው የሁላችን ነው፤ እንደ ሁላችን እንያዘው ነው ያልኩት። በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ የእኔን ዲሽ ለማውረድ እመዘገባለሁ። ሁለተኛው ማን ነው?