ዘይቤ የሚለዩ፣ በዘይቤ የማይጽፉ

በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የዘይቤ ትምህርት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አለው። መምህሩ ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምጸት እያለ ብያኔያቸውን ያስጽፋል፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ምሳሌ ይሰጣል። በፈተና ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ይቀርብና ከሥሩ አራት ምርጫ ይደረደራል። ትክክለኛውን ፊደል ያከበበ ተማሪ ዘይቤ ያውቃል ይባላል። እኔ ግን አያውቅም እላለሁ። ዘይቤ አወቀ የሚባለው ራሱ ሠርቶ ያቀረበ፣ ያቀረበውም በሌላ ሰው ፊት ተነግሮ የታረመለት ነው። ይህን የምለው ከባዶ ተነሥቼ አይደለም፤ በዚሁ አገር የቅኔ ቤት ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል።

በምርጫ ጥያቄ ብቻ የተለማመደ ልጅ ምልክት ማደን ይለምዳል። “እንደ” ካየ ተነጻጻሪ ይላል፤ ተራራ ሲስቅ ካየ ሰውኛ። “እንደ ደረሰ ደወለልኝ” የሚል ዓረፍተ ነገር ቢሰጡት ግን ያደነው ምልክት ያሳስተዋል፤ እዚህ “እንደ” ጊዜን ነገረን እንጂ ማንንም ከማንም አላነጻጸረም። “እንደ አንበሳ ጀግና ነው” በሚለው የተለመደ ምሳሌም ቢሆን ዋናው ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀራል። ከአንበሳው የተወሰደው ምኑ ነው? ድፍረቱ ከተወሰደ ጋማው፣ ግሳቱ፣ ደም የለመደ ጥርሱ ለምን ተተወ? ጸሐፊው ከአንድ ነገር አንዱን ጠባይ መርጦ ሌላውን መተዉን ያላስተዋለ ተማሪ የዘይቤውን ስም ቢያውቅም ሥራውን አላየም።

የቅኔ ቤቱ መንገድ ሌላ ነው። እዚያም ጥናት አለ፤ ተማሪው ግሱን ከነእርባታው በቃሉ ይይዛል። ግን እዚያ ላይ አይቆምም። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋል፣ ሰሙንና ወርቁን ይፈታል፤ ተማሪው ደግሞ ጸጥ ወዳለ ቦታ ገለል ብሎ የራሱን ይቆጥራል። ከዚያ ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል፣ ያቃናል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጥልበታል። የሚጀመረው በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤት ካለው መወድስ የሚደረሰው ደረጃ በደረጃ ነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ በዋድላም ሆነ በሌላው ጉባኤ የስልቱ ልዩነት ቢኖርም፣ ትናንት የተነገረውን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማምጣት አያስመሰግንም። ተማሪው በየጊዜው አዲስ ማምጣት አለበት።

ዮፍታሔ ንጉሤ ከቅኔ ወደ ቴአትር የመጣ ሰው ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ ከዘመናዊ ትምህርት በፊት በጎጃም በቤተ ክህነት ትምህርት አልፈዋል። መንግሥቱ ለማ የቅኔው ሊቅ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ነበሩ። የዘመናዊው ድርሰታችን ትልልቅ ስሞች ከዚያ ደጃፍ መምጣታቸውን እንደ አጋጣሚ ልቆጥረው አልችልም።

ይህ ሥርዓት ለአማርኛው ክፍል እንዲስማማ ግእዝ ማስተማር አያስፈልግም። ለዚህ መጣጥፍ ብዬ የገጠምኳትን ሁለት ስንኝ ሰሌዳ ላይ እንጻፋት እንበል፦

ከመምህሩ ደጃፍ ሲመላለስ ኖረ፤
ጥፋቱን ሳያምን ይህ ልጅ መች ተማረ?

ላይ ላዩን ስናነበው ልጁ ትምህርት አልገባውም። ሁለተኛ ስናነበው ልጁ ምሕረት አላገኘም። “ተማረ” ሁለቱንም ይሸከማል፤ “ጥፋቱን ሳያምን” የሚለው ሐረግ ደግሞ ወርቁን እንድንፈልግ በር ይከፍታል። ብያኔ ማስጻፍ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ተማሪዎቹ ራሳቸው ሁለት ፍቺ ያለው ቃል ፈልገው ስንኝ ይሞክሩ። አብዛኛው ሙከራ ይሰናከላል። የተሰናከለው ለምን እንደተሰናከለ በክፍል ውስጥ ሲነገር ነው ትምህርቱ የሚገባው።

በልቦለድ ትምህርትም ችግሩ ያው ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበ ተማሪ “መቼቱ የት ነው?” ሲባል “ጎጃም” ብሎ ነጥቡን ይወስዳል፤ “ጭብጡስ?” ሲባል “ፍቅር” ይላል። ነገር ግን በዛብህ ገና ሳይጠነክር በወላጆቹ ስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ ነው፤ ሰብለ ወንጌል ደግሞ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። ስለቱን ብናወጣው ታሪኩ በዚያው መንገድ ይሄዳል? ፊታውራሪውን ከዘር ኩራታቸው ብናላቅቃቸውስ? ያንን ዘመን በሌላ ብንለውጠው ግጭቱ ይተርፋል? እንዲህ የተጠየቀ ልጅ መቼት፣ ገጸ ባሕርይ፣ ሴራና ግጭት አንዱ ከሌላው እንዴት እንደሚወለድ ያያል። መጽሐፉንም ሳያነበው ሊመልስ አይችልም።

ክፍሉ በተማሪ ተጨናንቋል፣ ይህን ሁሉ ማን ያርማል የሚለው ተቃውሞ እውነተኛ ነው፤ በደሞዙ ኑሮን መግፋት ያቃተው መምህር ላይ ሌላ ሸክም መጫን አልፈልግም። ቅኔ ቤትም ቢሆን እንከን አልባ አልነበረም፤ ተማሪው በልመና እየኖረ፣ በረኀብ እየተፈተነ ነው የተማረው፤ ያን መከራ ማንም አይመኘውም። ሆኖም በቅኔ ቤት ሁሉንም የሚያርመው መምህሩ ብቻ አይደለም። የገፉት ተማሪዎች አስነጋሪ ሆነው የታናናሾቻቸውን ቅኔ ይሰማሉ። ይህንን ልማድ በቡድን ሥራ መልሶ ማምጣት ይቻላል፤ ሁለት ስንኝ ሰምቶ ለመተቸት የሚወስደው ጊዜም አጭር ነው።

ልጆቹ ደግሞ ባዶ እጃቸውን አይመጡም። “ሆዴ ባባ”፣ “ፊቱ ጠቆረ”፣ “ኑሮ ከበደ” እያሉ ነው ያደጉት። “እንቆቅልሽ”፣ “ምን አውቅልህ” እየተባባሉ አገር ሲሰጣጡ የተጫወቱት ጨዋታ ሌላ አይደለም፤ ነገሩን ሰውሮ በሌላ ነገር መግለጥ ነው። አፉን በኦሮምኛ የፈታውም ልጅ ሂቦውን፣ ማለትም እንቆቅልሹን፣ ይዞ ነው የሚመጣው፤ መምህሩ ያን እንዲያመጣና በአማርኛ እንዲሞክረው ቢጠይቀው ክፍሉ ይበለጽጋል።

ይህን ለውጥ የሚያዘገየው ከሁሉ በላይ ፈተናው ነው። መምህር የሚያስተምረው በፈተና የሚጠየቀውን ነው፤ አይፈረድበትም። ስለዚህ ልመናዬ በየደረጃው የአማርኛ ፈተና ለምታወጡ ነው፦ ከምርጫው ጥቂት ጥያቄ ቀንሱና ተማሪው አንድ ተለዋጭ ዘይቤ ራሱ ሠርቶ፣ ምኑን ከምን እንደወሰደ በሁለት ዓረፍተ ነገር እንዲያስረዳ ጠይቁት።