መኪናው ገባ፣ ባለሙያውስ?

ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ አንድ አሮጌ ኮሮላ ማለዳ አልነሳም ቢል ቀጥሎ የሚሆነውን ግቢው በሙሉ ያውቀዋል። ባለቤቱ ቁልፉን ያዞራል፣ ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ጥበቃው ዱላውን አስቀምጦ ይመጣል። ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርሱ ሁለት አባቶች ይጨመራሉ። «ሁለተኛ አስገባ! ፍሪሲዮን ያዝ!» ይባላል፣ ይገፋል፣ መኪናው ተንገጫግጮ ይነሳል። ካልተነሳም ጎረቤት ኬብል ይዞ ይወርዳል። ባትሪው ጨርሶ ከሞተ ደግሞ ሶማሌ ተራ ሩቅ አይደለም፤ ሰውዬው ከምሳ በፊት ሥራው ላይ ነው።

እዚያው ጎን የቆመችው የኤሌክትሪክ መኪና አልነሳም ስትልስ? ስክሪኗ ጨልሟል፣ በሯ በሪሞት አይከፈትም። ጥበቃው ያያታል፣ አባቶቹም ያዩዋታል፣ ማንም አይነካትም። ሊገፏት ቢሞክሩም በመገፋት የምትነሳ መኪና አይደለችም። «አለቀላት፣ ባትሪዋ ሞቷል» የሚል አይጠፋም። ይህን የሰማ፣ መኪናዋን በብድር ገዝቶ በራይድ የሚሠራ ሹፌር ልቡ ቀጥ ይላል። የኤሌክትሪክ መኪና ዋና ባትሪ ማለት የመኪናዋ ዋጋ ትልቁ ድርሻ ማለት ነውና።

እውነቱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ሁለት ባትሪ አላት። አንደኛው ጎማውን የሚያሽከረክረው፣ በብዙዎቹ መኪኖች 400 ቮልት አካባቢ የሆነው ትልቁ ባትሪ ነው። ሁለተኛው ኮሮላውም ላይ ያለው ዓይነት ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ነው። በሩን፣ ስክሪኑን፣ ኮምፒዩተሩን የሚቀሰቅሰው ትንሹ ነው። ትልቁ ባትሪ ከመኪናዋ ጋር የሚገናኝበትን ማብሪያ ማጥፊያ የሚዘጋውም እሱ ነው። ስለዚህ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሹ ከወረደ መኪናዋ ድንጋይ ናት፤ ብዙዎቹ ቻርጀር ቢሰካላቸውም አይቀበሉም። ትንሹን ባትሪ ደግሞ የሚያወርደው ጉዳይ ብርቅ አይደለም። ከተገዛች በኋላ የተገጠመ ጂፒኤስና አላርም፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚቀርጽ ካሜራ፣ ለሳምንታት ሳትነዳ መቆም፣ ወይም በቀላሉ እርጅና ሊሆን ይችላል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ይጨመርበት።

መፍትሔው ምን ያህል ከባድ ነው? በቮልቲሜትር መለካት ነው። ጤነኛ ባትሪ ሥራ ላይ ሳይሆን 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ 11 እና ከዚያ በታች ካሳየ ወርዷል። ከሌላ 12 ቮልት ምንጭ አምራቹ ባመለከተው ቦታ ላይ አገናኝቶ መኪናዋን መቀስቀስ ይቻላል። ካልያዘ ትንሹን ባትሪ መቀየር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ክሬን ይጠራል፣ መኪናዋን አስጭኖ ወደማያውቀው ጋራዥ ይወስዳል፣ እዚያም የሚነገረውን ዋጋ ከመስማት ውጭ ምርጫ የለውም።

ጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ሲያስታውቁ የቀረበው ምክንያት ውሃ የሚያነሳ ነበር። ነዳጅ በውጭ ምንዛሬ ይገዛል፤ የኤሌክትሪክ ኃይሉ በአብዛኛው ከገዛ ወንዞቻችን ይመነጫል። የገንዘብ ሚኒስቴርም ቀደም ብሎ ታክስ ቀንሶላቸዋል። ውሳኔውን በጭፍን የሚያጣጥሉት፣ ለናፍጣ ዘመን የሚያለቅሱት፣ ከዚህ ክርክር ያተረፉት ነገር የለም። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። በየመድረኩ የሚቆጠረው የገባው መኪና ነው። መኪናዋ አልነሳም ስትል ማን ያስነሳታል የሚለው ጥያቄ ግን ለገበያው ተጣለ።

«ገበያው ራሱ ይማራል፣ ኮሮላንስ ማን አስተማረን?» የሚሉ አሉ። የልደታና የአብነት ጋራዦች ላዳንና ኮሮላን የተማሩት በመፍታት ነው፤ እውነት ነው። ረዳቱ ከመካኒኩ ሥር ተቀምጦ ቁልፍ እያቀበለ፣ ካንዴላ እየጠረገ፣ አንዳንዴም አበላሽቶ እየተሰደበ ባለሙያ ሆነ። ያ ትምህርት ቤት የሚናቅ አይደለም፤ ከተማዋን ለአሥርት ዓመታት ያንቀሳቀሰው እሱ ነው። ነገር ግን 12 ቮልት ላይ የሚሳሳት ረዳት ጣቱን ይለበልባል፣ ቢከፋ ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ ብልጭታ አግኝቶ ፊቱ ላይ ይፈነዳል። 400 ቮልት ላይ የሚሳሳት ረዳት ይሞታል። ብርቱካናማ ቀለም ያለው ሽቦ ምን ማለት እንደሆነ ያልተነገረውን የ17 ዓመት ልጅ «ፈትተህ ተማር» ብሎ ኮፈን ሥር መላክ በሰው ሕይወት መወራረድ ነው። ገበያው የሚማረው በማን ሬሳ ላይ ነው?

አስመጪዎቹም ከዚህ አያመልጡም። ሲሸጡ «ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ጣጣ የለም» ይላሉ። ትንሿ ባትሪ የት እንዳለች ለገዢው የሚያሳይ ሻጭ ግን ስንቱ ነው? ለቻይና ገበያ የተሠሩት መኪኖች መመሪያቸው በቻይንኛ ነው፣ የስክሪኑ ማስጠንቀቂያም እንደዚያው። ገዢው ቀይ መብራት ሲበራ ትርጉሙን ከጎረቤት ይጠይቃል፤ ጎረቤቱም ይገምታል። በሚሊዮን የሚቆጠር ብር የከፈለ ሰው በግምት መንዳት አልነበረበትም።

ሚኒስቴሩ መኪና እንዳይገባ በአንድ ውሳኔ መከልከል ከቻለ፣ ሻጩን ማስገደድም አያቅተውም። የጥገና ቦታና መለዋወጫ የሌለው አስመጪ አያስገባ። ተግባረ ዕድ ሜክሲኮ አጠገብ፣ ከነዚያ ጋራዦች ጥቂት ፌርማታ ብቻ ርቆ ይገኛል፤ ለሚሠሩት መካኒኮች የማታ አጭር ሥልጠና፣ ለረዳቶቹም የደኅንነት ትምህርት እዚያ ይሰጥ፣ ወጪውንም ከመኪናዎቹ የሚያተርፈው ይጋራ። ጓንቱንና መለኪያውን ገዝቶ መሥራት ለሚፈልግ ትንሽ ጋራዥ ብድር ይመቻችለት።

እስከዚያው ግን ከእያንዳንዱ መኪና ጋር በአማርኛና በሌሎቹ የአገሪቱ ቋንቋዎች የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጥ፦ ትንሿ ባትሪ የት ናት፣ በሩን በእጅ የሚከፍተው ቁልፍ የት ተደብቋል፣ ኬብል የሚያያዘው የቱ ላይ ነው፣ ፈጽሞ የማይነካው ሽቦ የትኛው ነው። ይህን አንድ ገጽ ለማሳተም ስንት ዶላር ያስፈልጋል?