ቀብድ ከመክፈል በፊት ሞተሩ የማን እንደሆነ ይጠየቅ

የወልድያ ነጋዴ ለእህል ቀብድ የሚከፍለው መጋዘኑን አይቶ ነው። አዲስ መኪና ሲያዝ ግን ብዙ ጊዜ የሚያየው ሥዕሉን ብቻ ነው። የሆላንድ ካር አወዳደቅ የማይረሳውም ለዚህ ነው።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2005 በኢትዮጵያና በሆላንድ ሽርክና ተቋቁሞ ሞጆ ላይ መኪና ይገጣጥም ነበር። «አባይ» የተሰኘችው መኪና ስሟ የሀገር ቢሆንም አካሏ የቻይናው ሊፋን ነበር። ሊፋን ኋላ የራሱን መገጣጠሚያ ከፈተና አጋር የነበረው ተፎካካሪ ሆነ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2010 የብር ምንዛሪ ሲቀንስ የዕቃው ዋጋ ናረ፤ ቀድሞ በብር የተቆረጠው የመሸጫ ዋጋ ግን እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2013 ኩባንያው ከሰረ። ቀድመው ከፍለው መኪና ያልተረከቡ ደንበኞችም ገንዘባቸውን ፍለጋ ተንከራተቱ።

ጥፋቱን ሁሉ በምንዛሪ ማሳበብ አይበቃም። በሰሜን አየርላንድ የስፖርት መኪና ይሠራ የነበረው ዴሎሪያንም እ.ኤ.አ. በ1982 ወድቋል። ምህንድስናው የሎተስ፣ ሞተሩ የሬኖ፣ የፔዦና የቮልቮ የጋራ ሥራ፣ ገንዘቡ በአብዛኛው የእንግሊዝ ግብር ከፋይ ነበር። ለምህንድስናው የተከፈለ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላርም በጄኔቫ በኩል ሲያልፍ ጠፍቷል።

በሁለቱም ዘንድ ዕውቀቱ የሌላ፣ ኪሳራውም የሌላ ነበር። ቀብድ ከፋይ ወለድ የማያገኝ፣ መያዣም የሌለው አበዳሪ ነው። ስለዚህ ቀብዱ መኪናው እስኪረከብ በባንክ ዝግ ሂሳብ ይቀመጥ። ይህን የማይቀበል ሻጭ ዘንድ መኪና ማዘዝ በሰው ወርቅ ለሚደምቅ ነጋዴ ወርቅ ማዋስ ነው።