ሎሚው የእነርሱ፣ ልጣጩ የእኛ

ባለፈው እትማችን አንድ ወንድማችን ስለ ወንዞቻችን መቆሸሽ ጽፎ፣ «አካባቢን መጠበቅ የሁላችንም ኃላፊነት ነው» ሲል ደምድሟል። ለማስረጃም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት ጠቅሷል። ጽሑፉ ብዙ ጭብጨባ አትርፏል። በቅዳሜው የጽዳት ዘመቻ መጥረጊያ ይዘው ከወጡት አንዱ እኔም ነበርሁና፣ የምጽፈው በዘመቻው ለማፌዝ አይደለም። ነገር ግን ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ስንለቅም በዋልንበት ወንዝ፣ ከእኛ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ የቡና መፈልፈያ ፍሳሽ በቦይ ይወርድ ነበር። ቀና ብሎ ያየው አልነበረም።

እንግዲህ አንባቢ ነገሩን ከሥሩ ይመልከት። በሸኮ፣ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ቀዩ ቡና ሲደርስ ገበሬው እሸቱን ለቅሞ ለመፈልፈያ ጣቢያ ይሸጣል። 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ያስፈልጋል፤ የቀረው ገለፈት፣ ልጋግና ውሃ ነው። ጣቢያው ገለፈቱን ይገፍፋል፤ ፍሬውን በገንዳ ያብላላል፤ ልጋጉን በብዙ ውሃ ያጥባል። ያ ውሃ የሚገድለው መርዝ ተጨምሮበት ሳይሆን ስኳር ስላለበት ነው። ስኳሩን የሚበሉ ጥቃቅን ነፍሳት በወንዙ ውስጥ ይራባሉ፣ በውሃው የሟሟውን ኦክሲጅን ይጨርሳሉ፣ ዓሣውም ታፍኖ ይሞታል። ውሃው ይጠቁራል፣ ይኮመጥጣል፣ ይሸታል። ይህም የሚሆነው ዝናቡ እየቀነሰ ወንዙ መጉደል በሚጀምርበት ወራት ነው። የሸኮ ከብት ገንዲን በመቋቋሙ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ዘር ነው። የቆላ ዝንብ ያልበገረው ይህ ከብት፣ ስሙን ከማልጠራው አንድ ጣቢያ በታች አፉን ነክሮ ሳይጠጣ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ከብቱስ ተመለሰ፤ እንስራ ይዘው የወረዱት እናቶች ወዴት ይመለሱ?

ወንድሜ ሆይ፣ እስቲ ተረትህን መልሰን እንየው። ሎሚውን የሸጠው ማን ነው? ቡናው የሚታጠበው ለጌጥ አይደለም፤ የታጠበ ቡና የተሻለ ዋጋ ስለሚያወጣ ነው። ትርፉ ሲቆጠር ሃምሳ ሰው አልተጠራም። ልጣጩ ሲጣል ግን ለሃምሳ ይታደላል፤ ይህም «የጋራ ኃላፊነት» ይባላል! እሸቱን በአልጋ ላይ አድርቆ ጀንፈል የሚሸጠው ባላገርና በቀን ብዙ ኩንታል የሚያጥበው ባለ ጣቢያ በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉን?

ሕጉ እንኳ እንዲህ ግራ አልተጋባም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ መንግሥትና ዜጎች አካባቢን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል። የወንድማችን «ሁላችን» ከዚህ የተወሰደ ይሆናል። ግን ንባቡን ቀጥሎ ቢሆን ኖሮ አዋጅ ቁጥር 300/1995ን ያገኝ ነበር፤ የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ማስገደድ እንደሚቻል በዚያ ተደንግጓል።

ታዲያ ባላገሩ ለምን አቤት አይልም? ቡናውን የሚሸጠው ለዚያው ጣቢያ ስለሆነ ነዋ! ዛሬ የከሰሰውን ሰው ነገ «ሚዛንህን ዝቅ አታድርግብኝ» ብሎ ሊለምነው ነው። ባለሥልጣኑም ቢሆን የሚገመገመው ለገበያ ባቀረበው ኩንታል እንጂ በሕይወት ባተረፈው ዓሣ አይደለም።

በጃፓን ሚናማታ ከተማ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበት ፍሳሽ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1956 በይፋ ታወቀ፤ መንግሥት የፋብሪካውን ጥፋት ያመነው ግን በ1968 ነው። በእነዚያ 12 ዓመታት የዓሣ አጥማጁ ቤተሰብ በሽታውን ከዓሣው ጋር ይበላ ነበር። የቡና ውሃ ሜርኩሪ አይደለም፤ ማጋነን አልሻም። የክርክሩ አካሄድ ግን አንድ ነው።

«ጣቢያው ቢዘጋ የሠራተኛው እንጀራስ?» የሚሉኝ አሉ። ይዘጋ አላልሁም። ከወንዝ ራቅ ብሎ ጉድጓድ ይቆፈር፤ ውሃው እየተመለሰ ይሥራ፤ ገለፈቱ ብስባሽ ማዳበሪያ ይሁን፤ በፍሳሹ መውረጃ ቬቲቨር ሣር ይተከል። ወጪ አለው። ወጪውም በቡናው ዋጋ ውስጥ ይግባና ጠጪው፣ በሐምቡርግም ይሁን በአዲስ አበባ፣ ይክፈለው። ዛሬ የሚከፍለው ቁልቁል ያለው ሰው ነው፤ ከሚዛን ተፈሪ አጠገብ የሚነሣው የጊሎ ወንዝ ደግሞ ጋምቤላ ድረስ ይወርዳል።

መምህሮቻችንም ይስሙን። የኬሚስትሪ ክፍላችን ከጣቢያ በላይና ከጣቢያ በታች ያለውን ውሃ ኦክሲጅን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በየሳምንቱ ለክቶ ውጤቱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጥፍ። (የራሳችን ግቢ ፍሳሽ ወዴት እንደሚወርድም አብሮ ቢለካ አንቀየምም።) የዚያው አዋጅ አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በካዩ ላይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይፈቅዳል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ፍርድ ቤት ይኬዳል። እኛ ለማንም ጣቢያ ቡና አንሸጥም፤ ሚዛን የሚያወርድብን የለም። አቤቱታውን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ አስይዛለሁ፤ ወንድማችንም ከፈራሚዎቹ የመጀመሪያው እንዲሆን እጠብቃለሁ።